አራተኛው ቀን

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው የሚመሸው?»

መቀስ እርሳሷን ከደብተሩ ላይ አነሳች። የጠየቀቻት ታናሽ እህቷ ናት። የስምንት ዓመቷ ቁንጫ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እግሮቿን ወደ ላይ እያወናጨፈች የደብተሩን ዳርና ዳር በከለር እርሳስ ታስጌጣለች። አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ስለማትችል ነው ቁንጫ የተባለችው። መቀስ ደግሞ በእግሮቿ ቅጥነትና ርዝመት የተነሳ ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከእሱ ተቀብሎ ጠራት።

«እኔ እንጃ» አለች መቀስ። «እንደኛው ነዋ። አንድ ሰዓት አካባቢ።»

«እና ብርሃኑን ለማየት ስንት ሰዓት ላይ እንደምንወጣ ጻፊ እንጂ። ኋላ ያመልጠናል።»

መቀስ «አራተኛ ቀን፦ አረንጓዴውን የሰማይ ብርሃን ማየት» ከሚለው አጠገብ «ከምሽቱ 2፡00» ብላ ጻፈች። ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ጨምራለች። እርግጠኛ አልነበረችም። ግን ጨለማ ጨለማ ነው፣ ከአገር አገር ምን ይለያያል?

ዕቅዱ የአሥር ቀን ነው። አንደኛ ቀን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ አባዬ በራሱ አውቶቡስ ይወስደናል። ሁለተኛ ቀን፣ ዕረፍትና የከተማ ጉብኝት። ሦስተኛ ቀን፣ በጀልባ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ። ይህን ሁሉ ያገኘችው ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከተዋሰችው የቱሪስት መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለዋል፤ የቀሩት ግን ስለ ኖርዌይ ሙዚየሞችና ተራሮች ብዙ ይናገራሉ። አራተኛውን ቀን ከመጽሐፉ አልወሰደችውም። እሱ የአባቷ ነው።

አባቷ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እዚህ እያለ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አሁን በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። «በረዶ ላይ መንዳት ማለት ሳሙና ላይ ቆሞ ልብስ መልበስ ነው» ይላል። ፎቶም ይልካል፤ ቀያይ የእንጨት ቤቶች፣ ውሃ ዳር የተደረደሩ ጀልባዎች፣ አናታቸው የነጣ ተራሮች። እሱ ራሱ ግን ፎቶዎቹ ውስጥ የለም። ሲጠየቅ «አንሺው እኔ ነኛ፣ እኔን ማን ያንሳኝ?» ብሎ ይስቃል። እሱ ሲሄድ ቁንጫ የሁለት ዓመት ልጅ ስለነበረች መልኩን አታስታውሰውም። ለእሷ አባት ማለት እሑድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ የሚጮህ ስልክ ነው።

ካቻምና «ስትዘጉ ትመጣላችሁ» ብሎ ወረቀት አላለቀም ተባለ። አምናም እንደዚያው። ዘንድሮ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «አለቀ» አላት። «ትምህርት እንደተዘጋ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ። ዕቅዱን አንቺ አውጪው። የጉዞ መሪያችን አንቺ ነሽ።» መቀስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን ከአጠገቧ ለይታ አታውቅም።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ የመተኮሻዋ ጠረጴዛና የሦስት ትምህርት ቤቶች የዩኒፎርም ጨርቅ የሚኖሩበት ነው፤ ሰዎቹ በተረፈው ቦታ ይኖራሉ። እሑድ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መኪናዋን ታቆማለች። ጠረጴዛውን በጨርቅ ትወለውልና ስልኳን ከክሩ ማጠንጠኛ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ የመኪናው ድምፅ ጥሪውን እንዳይውጠው። ስለ ጉዞው ብዙ አታወራም። ዕቅዱን ስታሳያት «ደህና ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። ግን ከግራጫ ብርድ ልብስ ሁለት ካፖርት ሰፍታላቸዋለች፣ ገበራቸው የተረፈ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ። ጎረቤቶች «በዚህ ሙቀት ለማን ነው?» ሲሉ ቁንጫ ናት የምትመልሰው። «ለኖርዌይ» ትላቸዋለች፣ ኖርዌይ ሦስተኛው ቤት ውስጥ የምትኖር ሴትዮ ይመስል።

የአረንጓዴው ብርሃን ነገር የመጣው ባለፈው ረቡዕ ነው። ጠዋት ሲነሱ በእናታቸው ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ጠበቃቸው።

«መቀሴ፣ ይሄን ስትሰሚ ነግቶ ይሆናል። እዚህ አሁን እኩለ ሌሊት ነው። ከሥራ ወጥቼ በእግሬ እየሄድኩ ነው። ጨለማው ዓይን ቢወጉ አይታይም። ሰማዩ ላይ ግን ያ ያልኩሽ አረንጓዴ ብርሃን ወጥቷል። እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል ስልሽ። ስትመጡ ከበር ሳትርቁ አሳያችኋለሁ። ዕቅዱ ላይ አስገቢው እሺ?»

ከድምፁ ጀርባ ነፍሳት ሲንጫጩ ይሰማል። መቀስ ሰባት ጊዜ ሰማችው። ሌሎቹን ቀኖች ሁሉ ወደ ታች ገፍታ አራተኛውን ሰጠችው።

* * *

ሐሙስ ዕለት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተራው የእሷ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር መርጦ የጉዞ ዕቅድ እንዲያቀርብ ታዟል። ሌሎቹ የፈለሰፉትን ነው የሚያነቡት። የእሷ እውነተኛ መሆኑን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ራዲዮ የተባለችው በከንቱ አይደለም።

ሰሌዳው ፊት ቆማ አነበበች። አራተኛው ቀን ላይ ስትደርስ ትንሽ ቀስ አለች፣ ሰው በደንብ እንዲሰማ። ከኋላ አንድ ልጅ «ሴልፊ ትልኪያለሽ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ እጃቸውን አነሱ። ሁልጊዜ የኮታቸው እጅጌ ጠመኔ የነካው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ቆይ እስቲ። ጉዞው መቼ ነው ያልሽው?»

«ሰኔ መጨረሻ ላይ ቲቸር።»

«እንግዲያው አራተኛው ቀን ላይ አንድ ስህተት አለ።» ወደ ክፍሉ ዞሩ። «የሚያስቅ አይደለም፤ ሁላችንም የምንሳሳተው ነው። እኛ ቀንና ሌሊት እኩል ተካፍለው የሚኖሩበት ቦታ ስለተወለድን የትም እንደዚያ ይመስለናል።» ሰሌዳው ላይ አንድ ያጋደለ ክብ ሳሉ፤ አናቱን በጠመኔው ጠቆሙ። «እሷ ያለችው ከተማ እዚህ ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። እኩለ ሌሊት ላይ ውጭ ቁጭ ብለሽ መጽሐፍ ታነቢያለሽ። ብርሃኑን ለማየት ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሰኔ አይታይም።»

«ይታያል ቲቸር» አለች መቀስ። «አባቴ እዚያ ነው የሚኖረው። ያለፈው ማክሰኞ ሌሊት አይቶታል። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነበር ብሎ በድምፅ ልኮልኛል።»

መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተዉት። ጠመኔውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰው ቤት ገብቶ ብርጭቆ የሰበረ እንግዳ መስለው ነበር።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚያ የሚኖር ሰው ከኔ ይበልጥ ያውቃል። ጥሩ ዕቅድ ነው። ዘጠኝ ከአሥር።»

እኚህ ሰው ለማንም ዘጠኝ ሰጥተው አያውቁም። መቀስ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ከሳቁ ይልቅ ዘጠኙ ነበር የሚከብዳት።

«በናትሽ፣ ፈታ በይ» አለቻት ራዲዮ በዕረፍት ሰዓት፣ ግቢው ጥግ ላይ። «አባቶች ቀደዳ ይወዳሉ። የኔ አባት በወጣትነቱ ከጅብ ጋር ታግያለሁ ይላል።»

«አልቀደደም።»

«እሺ፣ አልቀደደም። ቲቸር ነው የቀደደው።» ራዲዮ ጠጋ አለቻት። «ግን ይሄ ነገር አይገባኝም። እዚያ ካልመሸ፣ አባትሽ ጨለማውን የት ሆኖ አየው?»

መቀስ ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ለማንም አልናገርም» አለች ራዲዮ።

ከምሳ በኋላ ያልሰማ አልነበረም። ሙድ የያዘባት ግን የለም። ያ ይብሳል። በሴልፊ ያሾፈው ልጅ እንኳ መንገድ ለቀቀላት።

ስትወጣ ወደ መምህራን ክፍል ጎራ አለች። መምህሩ ብቻቸውን ፈተና ያርማሉ።

«ቲቸር፣ እርግጠኛ ነዎት?»

መጠየቋን የጠበቁ ይመስል ስልካቸውን አወጡና የዚያችን ከተማ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ሰንጠረዥ ከፈቱላት። መጋቢት ላይ ሰዓት አለ። ሚያዝያ ላይ ሰዓት አለ። ከዚያ ወደ ታች፣ «መጥለቂያ» ከሚለው ሥር፣ ለእያንዳንዱ ቀን ሰረዝ ብቻ ነው። ረቡዕ ሰረዝ። ማክሰኞ ሰረዝ። አባቷ በጨለማ የሄደበት ሌሊት ሰረዝ ነው።

«ሰው አንዳንዴ…» ብለው ጀመሩ መምህሩ።

«አመሰግናለሁ ቲቸር» አለችና ወጣች።

* * *

ቤት ስትደርስ ቁንጫ ደጅ ገመድ ትዘላለች። እናቷ ልብስ ልታስረክብ ወጥታለች። መቀስ በሩ ጀርባ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ፊት ቆመች። የመንካት ሐሳብ አልነበራትም፤ እጇ ነው የቁንጫን ካፖርት ጫፍ ገልብጦ ያየው።

እጥፋቱ ወፍራም ነበር።

የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ደንቡን ታውቀዋለች። ለሚያድግ ልጅ ሁለት ጣት ትርፍ ይታጠፋል፤ ለአንድ ዓመት ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጠፍ ጨርቅ ማባከን ነው፣ ልብሱም ይቆለላል። እናቷ ይህን ያስተማረቻት ገና መርፌ መያዝ ስትጀምር ነው። ጣቶቿን እጥፋቱ ላይ አሳረፈች። ሁለት። አራት። ስድስት። ስምንት። እጅጌውንም ገለበጠች፤ እሱም እንደዚያው ወደ ውስጥ ታጥፎ በሰፋፊ ስፌት ተይዟል፣ በቀላሉ እንዲተረተር።

ስምንት ጣት፣ አራት ዓመት።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማ፣ የምንሄደው በሚቀጥለው ወር ነው» አለች መቀስ። «ለቁንጫ የአራት ዓመት ትርፍ ለምን ተውሽላት?»

እናቷ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ልብስ ሰፊ ትርፍ ይተዋል።»

«ሁለት ጣት ነው የሚተወው።»

እናቷ ወደ መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች፣ ግን አልነዳችውም። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ስፒሎች አንድ በአንድ እያነሳች ትንሿ ትራስ ላይ ትሰካ ጀመር።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጂኦግራፊ ነው።» መቀስ ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ሰረዞቹ ነገረቻት። ባጭሩ ነው የነገረቻት፣ ወሬው ከረዘመ ድምጿ እንደሚከዳት አውቃ።

«ጨለማ ነው አለሽ?»

«ዓይን ቢወጉ አይታይም አለ።»

እናቷ ፈገግ አለች፣ ደስታ በሌለበት ፈገግታ። «ድሮም እንደዚህ ነው። ማውራት ከጀመረ የት ላይ እንደሚያቆም አያውቅም።» አንድ ስፒል ሰካች። «ከኖርዌይ ከመለሱት ሁለት ዓመት አለፈው። አብሮት የነበረ ሰው ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣ የምናውቅ መስሎት አወራኝ።»

«ወዴት ነው የመለሱት?»

«አላውቅም። የሆነ አገር። ሩቅም ላይሆን ይችላል።»

«ጠይቂዋ!»

«ከጠየቅኩት መደወል ያቆማል።» ይህን ስትል ድምጿ አልተለወጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ ያለችው ነገር ይመስላል። «አውቀዋለሁ። አፍሮ ይቀራል። በየሳምንቱ ስልኩን የሚያስነሳው ያ ውሸት ነው። ያንን ከነጠቅኩት ምን ይዞ ይደውላል? ለኔስ ግድ የለም።» በመስኮቱ ወደ ደጅ አየች፤ የገመዱ ድምፅ መሬቱን ይመታል። «እሷ ግን ሌላ አባት የላትም። ድምፁ ብቻ ነው ያላት።»

«እና እኔ ሦስት ወር ሙሉ ዕቅድ ሳወጣ ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለች እናቷ።

ከአባቷ ጨለማ ይልቅ ይህ መረራት። ክፉ ነገር ብትመልስላት ኖሮ መጮህ ይቻል ነበር።

* * *

እሑድ፣ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መኪናው ቆመ። ጠረጴዛው ተወለወለ። ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ፣ ቁንጫም ዘላ አነሳችው።

«የት አለች የጉዞ መሪዬ?» ይላል ድምፁ፣ ክፍሉን ሞልቶ። «ዕቅዱ አለቀ?»

መቀስ ወደ እናቷ አየች። የእናቷ ዓይን ለመነ።

«አለቀ» አለች መቀስ።

«አራተኛው ቀን ገባ?»

«ገብቷል።»

«ጎበዝ። እንዳንቺ ያለ ሰው እዚህ አስጎብኚ መሥሪያ ቤት ቢገባ አለቃ ነበር የሚሆነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። መቀስ ይህን ጠረጋ ታውቀዋለች፤ ካቻምናም አምናም ሰምታዋለች። «አንድ ነገር አለ ብቻ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ፊርማ ጎደለች። ትንሽ ናት። ግን እዚህ ሰዉ ሁሉ ዕረፍት ወጥቷል፣ የሚፈርም ጠፋ። ለዘንድሮ ባይደርስም ለሚቀጥለው ዓመት ያለ ጥርጥር…»

የሚቀጥለውን መቀስ አልሰማችም። ስልኩ ሲዘጋ ቁንጫ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። አላለቀሰችም። አምናም አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች። ደብተሩን ከመቀስ ቦርሳ አወጣች፣ ወለሉ ላይ ተጋድማ አዲስ ገጽ ገለበጠች፣ በትልልቅ ፊደል «የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም በአረንጓዴ እርሳስ አሰመረች። ከዚያ እርሳሱን ለመቀስ ዘረጋች።

«አሁን በደንብ እናውጣው» አለች። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው የሚመሸው? የዚያን ቀን እኔ እንጃ ነው ያልሽኝ።»

መቀስ እርሳሱን አልተቀበለችም። እህቷን አየቻት፤ በሆዷ ተኝታለች፣ እግሮቿ አየር ላይ፣ ደስ ብሏታል። እናቷ ሦስት ወር ሙሉ ከመኪናዋ ጀርባ ሆና ታይ የነበረው ይህንን መሆን አለበት። «አንድ ሰዓት አካባቢ» ማለት ትችላለች። ቀላል ነው። የሚመጣው እሑድ ስልኩ ይጮሃል፣ ከዚያም የሚመጣው፤ ካፖርቱም በዓመት ሁለት ጣት እየተተረተረ ይረዝማል።

ከክሩ ማጠንጠኛ አጠገብ ያለውን ስልክ አነሳች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቷታል፤ ልትነጥቃት ትችል ነበር። እጇን ወደ ፊት ሰደደችና መሐል ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው የጨርቅ መቁረጫ መቀስ ላይ አሳረፈችው።

መቀስ «የት ነህ?» ብላ አልጻፈችም። «ዋሸኸን» ብላም አልጻፈችም። የቁንጫን ጥያቄ ነው እንዳለ የጻፈችው።

«አባዬ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው የሚመሸው?»

ላከችው። ትንሽ ቆይቶ የተነበበ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልእክቱን አላጠፋችውም፤ ስልኩን ወደ ቦታው መለሰችው።

በሚቀጥለው እሑድ እናታቸው እንደ ልማዷ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ መኪናዋን አቆመች። ጠረጴዛውን ወለወለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ቁንጫ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች። በሁለተኛውም እሑድ መኪናው ቆመ፣ በሦስተኛውም። እናቷ መቀስን በአንድም ቃል አልወቀሰቻትም። ደብተሩ ወለሉ ላይ እንደተከፈተ ሰነበተ፤ ከርዕሱ በታች ማንም አልጻፈበትም።

ሐምሌ ገብቶ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት መቀስ ዩኒፎርም ላይ አዝራር እየተከለች፣ ቁንጫም እግሯ ሥር የወዳደቁ ክሮች እየለቀመች ሳለ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ስልኩ ከክሩ ማጠንጠኛ አጠገብ ነው። ቁንጫ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እናቷን አየች።

እናታቸው አዲስ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባች፣ እግሯንም ከፔዳሉ ላይ አላነሳችም።